በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሕፃናትን ፖፖ ስለ ማስለመድ

ስለ ሕፃናት አስተዳደግ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ልደት፣ ስለ ግዝረት፣ ስለ ክርስትናና ጡት ስለ ማስጣል አብዝተው ይናገራሉ። ሕፃኑ ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን በጊዜውና በሥፍራው ማድረግን ስለሚማርበት ወራት ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚህ ጊዜ ድግስ አይደገስም፤ ቄስ ወይም ሼህ አይጠራም፤ ሽማግሌም አይቀመጥም። ነገሩ በጓዳና በጓሮ፣ በሴቶችና በሕፃናት መካከል ተጀምሮ በዚያው ያልቃል። ያለቀበትም ቀን ተለይቶ ስለማይታወቅ የሚከበር በዓል የለውም።

ይሁን እንጂ ይህ ጊዜ ባህልን ለሚመረምር ሰው ከሌሎቹ ያነሰ ትምህርት የሚሰጥ አይደለም። ልጅ የሌላውን ትእዛዝ ተቀብሎ የገዛ አካሉን እንዲገዛ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠየቀው በዚህ ወቅት ነው። «ነውር» የሚለው ቃል ስለ ራሱ ሲነገር የሚሰማውም በዚሁ ወቅት ነው። በከተማ ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ ከቤት አልፎ ከጎረቤት ጋር ያለውን ሰላም፣ የእናትን ሥራ፣ የልጁን ትምህርት ቤት መግባትና የሰፈሩን ጤና የሚነካ ሆኗል። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ በደቡባዊው የአዲስ አበባ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ የቀድሞው ልማድ ምን እንደ ነበረ፣ ከተማው በምን መልክ እንደ ለወጠው፣ ለውጡም ምን ጥቅምና ምን ጉዳት እንዳመጣ በየተራው ይገለጻል።

1. ስለ ሥፍራው

ንፋስ ስልክ የሚለው ስም በ1920ዎቹ ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ከተተከለው ሽቦ አልባ የቴሌግራፍና የራዲዮ ጣቢያ የመጣ ነው። ድምፅ ያለ ሽቦ በነፋስ የሚሄድ ስለ መሰለው ሕዝቡ «የነፋስ ስልክ» አለው። ላፍቶ ግን የኦሮምኛ ቃል ሆኖ የአንድ የግራር ዓይነት መጠሪያ ነው። ሁለቱ ስሞች ተጣምረው የአንድ ክፍለ ከተማ ስም የሆኑት አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በዐሥር ክፍላተ ከተማ በተዋቀረች ጊዜ ነው።

ክፍለ ከተማው በአሠፋፈሩ አንድ ወጥ አይደለም። በጎፋና በመካኒሳ አካባቢ አሮጌ የጭቃ ቤቶች ይገኛሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በኋላ የቀበሌ ቤት የተባሉ ናቸው። በጀሞ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተጀመረው የቤቶች ልማት የተሠሩ ባለ ብዙ ፎቅ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ቆመዋል። በለቡና በላፍቶ ደግሞ ባለ ግቢ የግል ቤቶች ይታያሉ። በከተማው ጠርዝ ከሰው ትዝታ ያልራቀ የእርሻ መሬት ነበረ። በመካኒሳና በላፍቶ በኩል በሚያልፈው በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳርም አትክልት ይለማል። ይህ ሁሉ የተነገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ በታች እንደሚታየው ሕፃን ፖፖ የሚለምድበትን መንገድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው የቤቱ አሠራር ነውና።

2. ስለ ቃላቱ

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት አነጋገር አለው። አንደኛው የአዋቂዎች ሲሆን ነገሩን የሚሸፍን ነው። ጨዋ ሰው «ወገቤን ልሞክር» ወይም «ወደ ውጭ ልውጣ» ይላል እንጂ ነገሩን በስሙ አይጠራም። «ዓይነ ምድር» የሚለውም የሽፋን ቃል ነው። «ውጭ መውጣት» የሚለው አነጋገር ሰው ከቤት ወጥቶ ወደ ጓሮ፣ ወደ ጥሻ ወይም ወደ ሜዳ ይሄድ የነበረበትን ዘመን ይዞ የቆየ ነው። ዛሬ መጸዳጃው ከመኝታ ቤት አጠገብ ባለበት ፎቅ ላይም ቢሆን ቃሉ አልተለወጠም።

ሁለተኛው ከሕፃን ጋር የሚነገር ነው፤ ይህም ምንም ሽፋን የለውም። «ካካ» እና «ሽሽ» የሚባሉት ቃላት ለሕፃኑ አፍ የተመቹ ናቸው። «ሽሽ» የሚለው ድምፅ እንዲያውም ከቃልነት ይልቅ መሣሪያነቱ ይበልጣል። እናት ሕፃኑን ይዛ ድምፁን ስታስረዝመው ሕፃኑ ድምፁን ከመሽናት ጋር ማያያዝ ይለምዳል። ይህ ሥራ «ማሸናት» ይባላል። ግሡ አስደራጊ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሕፃኑ ገና አይሸናም፤ ያሸኑታል። ልጁ ራሱ «ሸናሁ»፣ ቀጥሎም «ሽንቴ መጣ» እስኪል ድረስ ያለው መንገድ በሙሉ ከአስደራጊው ግሥ ወደ አድራጊው ግሥ የሚደረግ ጕዞ ነው ሊባል ይቻላል።

«ፖፖ» ማለት የሽንት ዕቃው ነው። በሕመምተኞችና በአረጋውያን አልጋ ሥር የሚቀመጠውም በዚሁ ስም ይጠራል። ቀድሞ በቀለም የተለበጠ የብረት ዕቃ ነበረ። ዛሬ ለሕፃናት የሚሸጠው ግን የፕላስቲክ ነው። አንዳንዱም ክዳንና መደገፊያ አለው። የሚጣለው የሽንት መቀበያ «ዳይፐር» ሲባል፣ የሚታጠበው አሮጌ ጨርቅ «የሽንት ጨርቅ» ይባላል።

3. የቀድሞው ልማድ

በገጠርና በአሮጌው የከተማ ግቢ ውስጥ ለዚህ ነገር የተለየ የትምህርት ጊዜ አልነበረም። እናት ሕፃኑን በአንቀልባ አዝላ ስለምትውል እንቅስቃሴው ሁሉ በጀርባዋ ላይ ይሰማታል። ሊሸና ሲል የሚያሳየውን መቁነጥነጥ ቀስ በቀስ ታውቃለች። ፈጥና ታወርደዋለች፤ በርጩማ ወይም መደብ ላይ ተቀምጣም እግሮቿን ገጥማ በመዘርጋት በእግሮቿ ላይ ታስቀምጠዋለች። ወይም ከጭኖቹ ሥር ይዛ ከመሬት ከፍ ታደርገዋለች። ሕፃኑ ካመለጣት ልብሷን ታጥባለች እንጂ አትቈጣም። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የተባለው ተረት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ልጁ ዳዴ ማለትን ትቶ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ትምህርቱ ከእናት ወደ ታላላቅ ልጆች ይተላለፋል። በዚህ ዕድሜ ያለ የገጠር ልጅ ብዙውን ጊዜ ረዘም ያለ ሸሚዝ ብቻ ይለብሳል፤ ከታች ሱሪ የለውም። ስለዚህ የሚፈታ ቀበቶም የሚወልቅ ነገርም የለበትም፤ ባለበት ቁጢጥ ይላል። የቤቱ ወለል ዐፈር ወይም በእበት የተለቀለቀ ስለ ሆነ እናቲቱ ዓይነ ምድሩን አመድ አልብሳ በአሮጌ ነገር አፍሳ ታወጣዋለች። ልጁን ጓሮ ድረስ የሚወስደው ታላቅ ወንድሙ ወይም እኅቱ ነው። ልጁም ታላላቆቹ የሚያደርጉትን አይቶ ያደርጋል። በዚህ ዓይነት ማንም «ዛሬ እንጀምር» ሳይል፣ ማንም «ዛሬ ጨረስን» ሳይል ልጁ ለምዶ ይገኛል።

ይህ ልማድ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነበረ። አንደኛ፣ ከሕፃኑ የማትለይ እናት ወይም አያት፤ ሁለተኛ፣ ቢበላሽ የማያስቈጭ ወለልና በቅርብ የሚገኝ ጓሮ፤ ሦስተኛ፣ በግቢው ውስጥ የሚገኙ ታላላቅ ልጆች ናቸው። ከተማው ሦስቱንም ነክቷል።

4. ከተማው ያመጣው ለውጥ

መጀመሪያ የተነካው የእናት መኖር ነው። በ2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላም 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅም እንደዚሁ 120 ቀን ይፈቅዳል። ፈቃዱ የሚያልቀው ሕፃኑ ሦስት ወር ሲሆነው ስለ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሕፃኑን ምልክት ቀኑን ሙሉ የሚያይ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። አያት በቅርብ ካለች እርስዋ ትይዘዋለች፤ ከሌለች ግን ልጁ ለቤት ሠራተኛ ይተዋል።

የቤት ሠራተኛዋ ነገር የተለየ ትኵረት ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ወጣት ናት፤ እርስዋ ያደገችውም ታናናሾቿን ያሳደገችውም ከላይ በተገለጸው በጓሮ ልማድ ነው። አሁን ግን ጓሮ በሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ፖፖና ዳይፐር ይዛ፣ የአሠሪዋን ትእዛዝ እየተከተለች ማስተማር ይጠበቅባታል። እናት ማታ ስትመለስ የምታየው ውጤቱን ብቻ ነው፤ ሥራውን የሠራችው ሠራተኛዋ ናት። ሠራተኛዋ ስትለወጥም ልጁ የለመደው ሰው፣ የለመደው ድምፅና የለመደው ሰዓት አብረው ይሄዳሉ። ለወራት የተደከመበት ነገር በሳምንት ውስጥ መፍረሱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሁለተኛ የተነካው ወለሉና ጓሮው ነው። በኮንዶሚኒየም ቤት ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ነው፤ ሳሎኑም ምንጣፍና ሶፋ አለው። በእንዲህ ያለ ቤት ያመለጠ ሽንት የሚያስቈጣ ጥፋት ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሽንት ጨርቅ ማጠብ በራሱ ከባድ ሥራ ነው። በክረምትም የታጠበው ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ማስለመዱን በጥቅምትና በግንቦት መካከል ባለው በጋ መጀመር ይመረጣል፤ ልጁም ቀለል ያለ ልብስ ለብሶ ለመዋል የሚችለው በዚሁ ጊዜ ነው።

በቀበሌ ቤቶች ያለው ችግር ሌላ ነው። በዚያ ብዙ ቤተ ሰቦች አንድ የጉድጓድ መጸዳጃ በጋራ ይጠቀማሉ። የጉድጓዱ ቀዳዳ ለአዋቂ ሰው እግር የተለካ ስለ ሆነ ለሁለት ዓመት ልጅ ሰፊና አደገኛ ነው። ጨለማውና ሽታውም ያስፈራል። ስለዚህ ልጁ አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንኳ ፖፖ ወይም የግቢው ቦይ ነው ሥፍራው። ከዚህ የጎረቤት ጠብ ይነሣል፤ የአንዷ ልጅ በሌላዋ ደጃፍ ሲቀመጥ ነገሩ በይቅርታ ይታለፋል፤ ሲደጋገም ግን በእናቲቱ ላይ የስንፍና ስም ያወጣባታል።

ሦስተኛ የተነካው የታላላቅ ልጆች ነገር ነው። ታላላቆቹ ቀን ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ቤተ ሰቡም ካለፈው ትውልድ ያነሱ ልጆች አሉት። ድክ ድክ የሚለው ልጅ አይቶ የሚከተለው ሰው የለውም። ስለዚህ ቀድሞ በመምሰል ይገኝ የነበረው ዕውቀት አሁን በቃል መነገር አለበት። የለመደ ልማድ ወደ ትምህርት የተለወጠበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

በነዚህ ሁሉ ላይ ዳይፐር መጣ። ዳይፐር እናትንም ሠራተኛንም ከእጥበት ያሳርፋል። ነገር ግን ከሕፃኑ ዘንድ ምልክቱን የሚደብቅ ነው። ርጥበቱን ስለሚመጥጥ ልጁ መሽናቱን በደንብ አያውቅም፤ ያዘለችውም አታውቅም። በአንድ በኩል ዋጋው ውድ በመሆኑ ወላጆች ቶሎ ለመገላገል ይፈልጋሉ። በሌላ በኩል ምቾቱ ማስለመዱን ከወር ወደ ወር ያስተላልፋል። ብዙውን ጊዜ ጕዳዩ የሚቈረጠው መዋዕለ ሕፃናት መግቢያው ሲደርስ ነው፤ ልጁ ሽንቱን መናገር እንዲችል አስቀድሞ ይጠየቃልና። እንግዲህ በከተማው የሚጀመርበትን ቀን የሚወስነው የልጁ አካል መድረስ ሳይሆን የእናት ፈቃድ ማለቅ፣ የዳይፐር ዋጋና የትምህርት ቤት ምዝገባ ሆኗል።

5. የማስለመዱ ሥርዓት

ሐኪሞች የሚስማሙበት ዋና ነጥብ ይህ ነው፦ የሽንትና የሰገራ መውጫን የሚይዙት ጡንቻዎች በፈቃድ የሚታዘዙት ሥርዓተ ነርቩ ሲበስል ነው፤ ይህም በብዙ ልጆች ዘንድ ከ18 ወር በኋላ ይታያል። የመድረስ ምልክቶች የሚባሉት የሚከተሉት ናቸው። ልጁ ይራመዳል፤ ሳይደገፍ ይቀመጣል፤ ሁለት ሰዓት ያኽል ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ቀላል ትእዛዝ ይሰማል፤ በረጠበ ጊዜ ይጨነቃል ወይም ጨርቁን ይጐትታል፤ ሊመጣበት ሲል ጥግ ይዞ ይደበቃል ወይም ፊቱን ያከስማል። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ በአንድ ቀን አይመጡም፤ ከበዙ ግን ጊዜው ደርሷል።

በክፍለ ከተማው ቤቶች የሚሠራበት አካሄድ በአመዛኙ እንዲህ ነው። ፖፖው ለጥቂት ቀናት ልጁ በሚጫወትበት ክፍል ይቀመጣል። ልጁ ልብሱን ሳያወልቅ ይቀመጥበታል፤ አሻንጉሊቱንም ያስቀምጥበታል። ከዚያ በኋላ በታወቁ ሰዓቶች፣ ይኸውም ከእንቅልፍ ሲነሣ፣ ከምግብ በኋላና ከመተኛቱ በፊት፣ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። ከምግብ በኋላ ያለው ሰዓት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጨጓራ ምግብ ሲቀበል አንጀት ስለሚንቀሳቀስ ነው። ሳይሆንለት ቢቀር ያለ ነቀፋ ይነሣል፤ ሲሆንለት «ጎሽ!» ይባላል፤ ይጨበጨብለታል። አንዳንድ ልጆች የወጣው ነገር ሲደፋ ያዝናሉ፤ ከአካላቸው የተለየ ሀብት ይመስላቸዋልና። በዚህ ጊዜ እየተሰናበቱት እንዲደፋ ማድረግ የተለመደ ዘዴ ነው።

የሰገራ ልማድ አብዛኛውን ጊዜ ከሽንት ይቀድማል፤ የቀን ሽንት ከሌሊት ሽንት ይቀድማል። ሌሊት አልጋ ላይ መሽናት እስከ አምስት ዓመት ድረስ እንደ በሽታ የሚቈጠር አይደለም። ሴቶች ልጆችም ከወንዶች ጥቂት ቀደም ይላሉ።

በከተማው ለሚያድግ ልጅ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ፖፖ ላይ እንደ በርጩማ ይቀመጣል፤ በጉድጓድ መጸዳጃ ላይ ቁጢጥ ይላል፤ በኮንዶሚኒየሙ የሸክላ መቀመጫ ላይ ደግሞ እግሩ ሳይረግጥ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። አንዱን የለመደ ልጅ አያቱ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ሲሄድ ሌላውን ይፈራል፤ ፈርቶም ይይዘዋል። ዓይነ ምድሩን አዘውትሮ የሚይዝ ልጅ ሆዱ ይደርቃል፤ ሲወጣም ያመዋል፤ ሕመሙን ፈርቶ እንደገና ይይዘዋል። ይህ ክብ እንዳይጀመር ከእግሩ በታች መርገጫ ማድረግና ውሃና አትክልት ማብዛት ይረዳል።

በሙስሊም ቤተ ሰብ ትምህርቱ አንድ ክፍል ይጨመርበታል፤ ይኸውም በውሃ መታጠብ፣ ኢስቲንጃ፣ ነው። ልጁ ገና ራሱን ማጠብ ሳይችል ጀምሮ በግራ እጅ እንደሚታጠብና በቀኝ እጅ እንደሚበላ ያያል። ሽንት የነካው ልብስ ለስግደት ስለማይሆን የምትሰግድ እናት ልብሷን ከልጁ ሽንት መጠበቅ ይኖርባታል። በቀኝ እጅ መብላት ግን የሙስሊሙም የክርስቲያኑም የጋራ ሥርዓት ነው። የሁለቱ እጆች ልዩነት በልጁ ልቡና የሚቀረጸው በማዕድና በፖፖ መካከል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

6. ስለ ነውርና ስለ ምስጋና

የአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተ ሰብ ልጁን የሚቀጣው በሁለት መሣሪያ ነው፤ በአለንጋና በነውር። ለዚህ ትምህርት የሚውለው በተለይ ሁለተኛው ነው። «ሽንታም» የሚለው ስድብ ለሕፃን ሲነገር የሚያመለክተው አልጋ ማርጠብን ነው። ለአዋቂ ሲነገር ግን ፈሪና ወራዳ ማለት ነው። እንግዲህ በቋንቋው ውስጥ ሽንትን መያዝና ወንድነት፣ ሽንትን መልቀቅና ፈሪነት ተዛምደዋል። ልጁ ቃሉን ሲሰማ የሚደርስበት ቅጣት ከጥፋቱ እጅግ የከበደ ነው።

በገጠሩ ልማድ ይህ ስድብ በሁለት ዓመት ልጅ ላይ ቦታ አልነበረውም። የሚነገረው ልጁ ዐድጎ፣ ከብት ጠባቂ ለመሆን ደርሶ፣ ገና አልጋ ያረጠበ እንደ ሆነ ነው። በከተማ ግን የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲያስቸኵል፣ ቤቱ ምንጣፍ ያለው ሲሆን፣ ሠራተኛዋም የምትወቀስ ስትሆን፣ ነውሩ ወደ ታች ወርዶ በሁለት ዓመት ልጅ ላይ ይጫናል። ከነውር በኋላ ጥፊ ይከተላል። ይህ ለውጥ ከሁሉ የከፋው ነው። ቀድሞ በትዕግሥት የሚታለፈው ዕድሜ አሁን የሚቀጣ ዕድሜ ሆኗልና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በፍርሃት የተማረ ልጅ ታናሽ ሲወለድበት ወይም ቤት ሲለወጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

7. የሌላው ዓለም ልማድና የሊቃውንት ክርክር

ይህ ጕዳይ በውጭ አገር የታላቅ ክርክር ምንጭ ነበረ። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1908 ባወጣው ጽሑፍ ሥርዓት ወዳድነትን፣ ቈጣቢነትንና ግትርነትን ከዚህ ዕድሜ ልምምድ ጋር አያያዘ። ኤሪክ ኤሪክሰንም እ.ኤ.አ. በ1950 ይህን ጊዜ ልጁ በራስ መቆምን ወይም ኀፍረትንና ጥርጣሬን የሚማርበት ወቅት አደረገው። ጆን ዋይቲንግና ኧርቪን ቻይልድ እ.ኤ.አ. በ1953 የ75 ሕዝቦችን አስተዳደግ አነጻጽረው ባወጡት መጽሐፍ ጊዜው ከሕዝብ ወደ ሕዝብ እጅግ እንደሚለያይ አሳዩ። የማዳጋስካር ታናላዎች ሕፃኑን በሁለት ወይም በሦስት ወሩ ያስለምዱ እንደ ነበረ ራልፍ ሊንተን ቀደም ሲል ጽፎ ነበር።

ነገር ግን ከዚህ ልምምድ የአንድን ሕዝብ ጠባይ በሙሉ ለማውጣት የሞከሩ ሰዎች ተሳስተዋል። ጄፍሪ ጎረር እ.ኤ.አ. በ1943 የጃፓኖችን የጦርነት ጠባይ ከጥብቅ የፖፖ ሥልጠና የመነጨ አድርጎ ተርጕሞ ነበር። በኋላ የጃፓን እናቶችን የተመለከቱ ተመራማሪዎች ሥልጠናው እርሱ እንዳለው ጥብቅ ሆኖ አላገኙትም። ለኢትዮጵያ ተመራማሪም ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው ሰምና ወርቅ በተባለው መጽሐፉ በአማራ ባህል ለምግብና ለመብላት የተሰጠውን ሥፍራ ከጠባይ ጋር አያይዞ ተመልክቷል። ከማዕድ ወደ ፖፖ ተሻግሮ ተመሳሳይ ሐሳብ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው የጎረርን ዕጣ ያስታውስ።

በልምምዱ ጊዜ ላይ ደግሞ የምዕራቡ ዓለም ራሱ ብዙ ተለዋውጧል። በአሜሪካ ሲርስ፣ ማኮቢና ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጡት ጥናት የ379 እናቶች አማካይ መጀመሪያ 11 ወር ያኽል ነበረ። ቤሪ ብራዘልተን እ.ኤ.አ. በ1962 የልጁን መድረስ መጠበቅን መከረ፤ በተመለከታቸው 1,170 ልጆች የቀኑ ልምምድ በአማካይ በ28.5 ወር ተፈጸመ። ፓምፐርስ የተባለው የሚጣል ዳይፐር በገበያ የዋለው በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ሴቶቹ በ32.5፣ ወንዶቹ በ35 ወር ገደማ ቀኑን ደረቅ ሆነው ዋሉ። በስዊዘርላንድ ሬሞ ላርጎ ለረጅም ዘመን ልጆችን ተከታትሎ ቀደም ብሎ አጥብቆ ማስለመድ የሽንትን መያዝ እንደማያፋጥን አስረድቷል።

በሌላው ወገን ዴቭሪስና ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ1977 በኬንያ ጠረፍ ስለሚኖሩ ዲጎዎች ጻፉ። የዲጎ እናት ሕፃኑ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲሆነው እግሮቿን ዘርግታ በመካከላቸው ታስቀምጠዋለች፤ ድምፅም ታሰማለች፤ ሕፃኑም በአምስት ወይም በስድስት ወሩ በርስዋ ርዳታ ደረቅ ይሆናል። በቬትናም እናቶች በፉጨት፣ በቻይናም ከታች በተከፈተ ሱሪ ይህንኑ ያደርጋሉ። የዲጎ እናት አቀማመጥ ከላይ ከተገለጸው የኢትዮጵያ እናት አቀማመጥ ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

እነዚህ ሁለት ወገኖች የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። የዲጎና የጓሮው ልማድ የሚያስተምረው እናትን ነው፤ እርስዋ ምልክቱን አውቃ ታሸናዋለች። የብራዘልተን አካሄድ የሚያስተምረው ልጁን ነው፤ እርሱ ራሱ አውቆ ይሄዳል። ማሸናት ቀድሞ ሊጀመር ይችላል፤ መሽናት ግን እስኪደርስ ይጠብቃል። አያትና እናት «እኛ በዓመታችሁ አስለምደናችሁ ነበር» በማለትና «ገና ነው» በማለት ሲከራከሩ ሁለቱም እውነት የሚናገሩት ስለዚህ ነው።

8. የሰፈሩ ጤና

የሕፃን ዓይነ ምድር አይጐዳም የሚል እምነት በብዙ ሥፍራ አለ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሕፃናት ከአዋቂዎች ይልቅ በተቅማጥ ተሕዋስያንና በአንጀት ትሎች ስለሚያዙ ዓይነ ምድራቸው ይበልጥ ተላላፊ ነው። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል። ትራኮማ የተባለውን የዓይን በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብም የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ እንጂ በጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ አይደለም። በአማራ ክልል የተስፋፋውን ትራኮማ ለመቀነስ የፊት መታጠብና የመጸዳጃ ትምህርት አብረው የሚሰጡት ስለዚህ ነው። በከተሞች ከ2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ይህንኑ በየቤቱ ያስተምራሉ።

በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ነገሩ ወደ ማዕድ ይመለሳል። ከፖፖ ወደ ቦይ የተደፋው ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል፤ ወንዙም ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል። ዳይፐርም ወደ ቦይ ሲጣል ቱቦ ይዘጋል፤ በቆሻሻ ገንዳ ሲጣልም ሳይበሰብስ በረጲ ክምር ላይ ይቆያል። ስለዚህ ፖፖን ማስለመድ ልጁን ከጨርቅ ማላቀቅ ብቻ አይደለም፤ የፖፖውን ነገር በመጸዳጃ ቤት መድፋት፣ ዕቃውን ማጠብ፣ የልጁንና የአሳዳጊውን እጅ በሳሙና ማጠብ የአንዱ ትምህርት ክፍሎች ናቸው።

9. መደምደሚያ

ከላይ ከተገለጸው ሁሉ ሦስት ነገሮች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ የቀድሞው ልማድ ድንቁርና አልነበረም፤ የሕፃኑን ምልክት በማወቅና ያለ ቍጣ በማለፍ ላይ የቆመ ዕውቀት ነበረ። ሁለተኛ፣ ከተማው ያፈረሰው ይህን ዕውቀት ሳይሆን የቆመበትን መሠረት፣ ይኸውም የምትገኝ እናትን፣ ጓሮንና ታላላቅ ልጆችን ነው። በመሠረቱ ፈንታ ዳይፐርንና ችኰላን ተካ፤ ችኰላውም ነውርን በማይገባው ዕድሜ ላይ ጫነ። ሦስተኛ፣ መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይደለም። አያት ማሸናትን ታስተምር፤ ሐኪም የመድረሻውን ጊዜ ይንገር፤ በቤት የምትውለው ሠራተኛም ከትእዛዝ ይልቅ ትምህርት ታግኝ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲያቋቁሙ የታዘዙት የሕፃናት ማቆያም ቢስፋፋ እናቲቱ ከልጁ ምልክት ፈጽማ እንዳትርቅ ይረዳል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ልጅም በራሱ እግር ወደ መጸዳጃው የሚሄድበት ቀን ይመጣል። ባህልን የሚመረምር ሰው ሊጠይቅ የሚገባው መቼ ደረሰ ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ በመንገዱ ላይ «ጎሽ» ወይስ «ነውር» ሲሰማ መጣ ብሎ ነው።